ማግኔታዊ ናኖ ቅንጣቶች ፍሎራይድን ያስወግዳሉ?

ጠያቂ፦ በስምጥ ሸለቆ የምንጠጣው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለበዛበት የልጆቻችን ጥርስ ቡናማ እየሆነ ነው። በማግኔት የሚሰበሰቡ ናኖ ቅንጣቶች (በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች) ይረዱን እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ 1፦ የማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው የብረት ኦክሳይድ) ቅንጣቶች በውኃው ተበትነው በካዩን ገጻቸው ላይ ካጣበቁ በኋላ፣ ከብርጭቆው ውጭ ማግኔት ሲጠጋ ጥቁሩ ዱቄት ወደ ጎን ተሰብስቦ ውኃው ይጠራል። ሆኖም የሂውስተኑ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ዘዴው መርዛማውን አርሴኒክ ሲያስወግድ ነው።

መልስ 2፦ ፍሎራይድን ለመያዝ ማግኔታይቱ በአሉሚኒየም ወይም በዚርኮኒየም ኦክሳይድ ቢለበጥ ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ለቀበሌ ግን የአጥንት ከሰል (ከተቃጠለ የእንስሳት አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ) ይቀላል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ ችግሩ፣ በጾም በአጥንት የተጣራ ውኃ አንጠጣም የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ።

መልስ 2፦ እንግዲያው ገቢር አሉሚና (ፍሎራይድን የሚይዝ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ማጣሪያ) ይሞክሩ።