ቀላል ቢራ ላይ በቦርበን የተዘፈዘፈ ኦክ፦ ስንት ግራም፣ ስንት ቀን?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። 20 ሊትር ጠቆር ያለ ቢራ ቤቴ ጠምቄያለሁ። መፍላቱን ጨርሷል። አልኮሉ 4 በመቶ አካባቢ ነው፣ በዚህ ሙቀት ከባድ ቢራ ስለማይጠጣ ሆን ብዬ ነው ያቀለልኩት። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ በእሳት የተለበለበ የኦክ (የውስኪ በርሜል የሚሠራበት እንጨት) ቁራጭ አምጥቶልኝ 50 ግራሙን በ200 ሚሊ ሊትር ቦርበን (የአሜሪካ ውስኪ) ዘፍዝፌዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሆነው። ከነውስኪው ልገልብጠው? ባለፈው እንደዛ አድርጌ እንደ ከረረ ሻይ አፍ የሚይዝ ነገር ወጣና ሙሉውን ደፋሁት። በጣም ነው ያዘንኩት።

መልስ (ሐረር)፦
አቦ፣ እንዳትገልብጠው! 50 ግራም 8 እና 9 በመቶ ለሚሆን ወፍራም ቢራ ነው። የዛ ቢራ ጣፋጭነት የእንጨቱን ታኒን፣ ማለት አፍ የሚይዘውን ነገር፣ ይሸፍነዋል። ያንተ ቀጭን ስለሆነ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይወጣል። 20 ግራም ይበቃሃል። ውስኪውን ለብቻ አስቀምጠው፣ አፍ የሚይዘው ነገር አብዛኛው እዛ ውስጥ ነው የወጣው። ደግሞም የውስኪው አልኮል 40 በመቶ ከሆነ፣ 200 ሚሊ ሊትሩ ሲጨመር ቢራህ ከ4 ወደ 4.4 ገደማ ይወጣል።

መልስ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦
በወንድሜ ሐሳብ እስማማለሁ፣ ግን ቀኑን አትርሳ። ለቁራጭ ኦክ ከ4 እስከ 8 ሳምንት የሚባለው ቀዝቀዝ ላለ ቤት ነው። እኛ ጋ በሙቀቱ ቶሎ ይወጣል። እኔ ቁራጮቹን በተቀቀለ ነጭ ጨርቅ ቋጥሬ በክር አንጠለጥላለሁ፣ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ከቧንቧው ትንሽ ቀድቼ እቀምሳለሁ። ክዳኑን አትክፈት፣ አየር ቢራውን ያበላሸዋል። እንጨቱ ገና ደስ እያለህ አውጣው፤ አንዴ ከበዛ መመለሻ የለውም። ስንጣሪ ከሆነማ ከዚህም ይፈጥናል።

መልስ (ሐረር፣ ጀጎል)፦
እናቴ ጠላ ስትጠምቅ ጋኑን በወይራ ታጥናለች። ኦክ ለሌለው ሰው ያ አይሆንም?

መልስ (ሐረር)፦
እህቴ፣ ወይራ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን የሚሰጠው የጭስ ጠረን ነው። ኦክ ቫኒላና ኮኮናት የሚመስል ነገር አለው። ኦክ ከሌለ ቦርበኑ ራሱ ይሠራል፣ በአሜሪካ ሕግ የግድ ውስጡ በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከፋርማሲ ሲሪንጅ ግዢ። 200 ሚሊ ሊትር ቢራ ላይ ግማሽ ሚሊ ሊትር ጨምረሽ ቅመሺ፣ ካነሰ ሌላ ግማሽ። 1 ሚሊ ሊትር ከጣመሽ ለ20 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው።

ጠያቂ፦
ኑሩልኝ! 20 ግራም አስገብቼ በስድስተኛው ቀን አወጣሁት። ቫኒላው አለ፣ አፍ አይዝም። የውስኪው ጣዕም ግን ሳስቶብኝ በሲሪንጁ ለካሁት፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር ላይ ልክ መጣ። ስለዚህ ከተዘፈዘፈበት ሳይሆን ከአዲሱ ጠርሙስ 50 ሚሊ ሊትር ጨምሬ ነገ ጠርሙስ እሞላለሁ።