ከውጭ ለመጣ መኪና የቱ ዕቃ፣ የቱ ጋራዥ ይሻላል? (ጥቆማ)

አንድ ወዳጄ ከውጭ ያስመጣት መኪና የፊት ፍሬን ሸራ አለቀበት። ሸራ ደግሞ ቀላል ነገር ነው፣ የትም ይገኛል ብሎ ሄደ። ሻጩ የጠየቀው የመኪናዋን ስምና ዓመተ ምህረት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ሸራ ጆሮው ረዝሞ ሸራውን የሚይዘው ካሊፐር ውስጥ አልገባም። ሁለተኛው ገባ፤ ግን ጠርዙ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አይነካም። ሦስተኛው ከነጭራሹ የሌላ መኪና ነው። በመጨረሻ ደውሎ "የዚህች መኪና ዕቃ የለም ማለት ነው" አለኝ። ዕቃውስ አለ። እሱ ይዞ ያልሄደው ቁጥሩን ነው።

ከውጭ በመጣ መኪና ላይ ስም ብቻውን ብዙ አይነግርም። ስማቸውም ዓመታቸውም አንድ ሆኖ፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራውና ለአውሮፓ የተሠራው በፍሬን፣ በራዲያተር፣ አንዳንዴም በሞተር ይለያያሉ። ስለዚህ ከሱቅም ከጋራዥም በፊት የምጠቁማችሁ የሻንሲ ቁጥራችሁን ነው። ኮፈኑን ክፈቱ፣ የሾፌሩን በር ክፈቱ፣ የፊት መስታወቱን ታችኛ ጥግ እዩ፤ ቁጥሩ ከእነዚህ በአንዱ ቦታ ይገኛል። ከዚያ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

አብዛኛው መኪና 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር አለው። ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታታ ተብሎ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት እዚያ ውስጥ አይገቡም። ክብ ነገር ካያችሁ ዜሮ ነው፤ አትጠራጠሩ። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ መኪና ግን ይህ 17 የለውም። ያለው አጠር ያለ ነው፦ መጀመሪያ የሞዴል መለያ፣ ለምሳሌ በአንዳንድ ኮሮላዎች ላይ ኤንዜድኢ121፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ተራ ቁጥር። ይህን 17 በሚጠብቅ የዕቃ ካታሎግ (የመለዋወጫ ዝርዝር) ውስጥ ካስገባችሁት "የለም" ይላችኋል። መኪናው ችግር ስላለበት አይደለም፤ የጃፓን ገበያ ካታሎግ ላይ መፈለግ ስላለበት ነው።

የሻንሲ ቁጥሩ ካታሎጉ ላይ ሲፈለግ የዕቃውን ቁጥር ይሰጣችኋል። የቶዮታን ብንወስድ የዕቃ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 10 አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራሉ። 04465 የፊት ፍሬን ሸራ ነው፣ 04466 የኋላ። ቀሪዎቹ አምስቱ የትኛው መኪና ላይ እንደሚገጥም ይለያሉ። ወዳጄ በአራተኛው ጉዞው ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ሄደ፤ ሸራው በዚያው ቀን ገጠመ።

አሁን ወደ ዕቃው ደረጃ እንምጣ። "ኦሪጅናል" የምትለዋ ቃል ብዙ ሰው ታሳስታለች፤ ምክንያቱም ሻጮች ለሦስት የተለያዩ ነገሮች ይጠቀሙባታል። አንዱ በመኪናው አምራች ሳጥን የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ለመኪናው ፋብሪካ ዕቃ የሚያቀርበው ድርጅት በራሱ ሳጥን የሚሸጠው ነው። ሦስተኛው ከፋብሪካው ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ አምራች አስመስሎ የሠራው ነው። ሦስተኛውን ሁሉ "ፎርጅድ" ማለትም ልክ አይደለም። በራሱ ስም የሚሸጥ ጥሩ አምራች አለ፣ ዕቃው ወር የማይቆይም አለ።

እኔ ብትጠይቁኝ ለአብዛኛው ነገር ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ለጃፓን መኪና ዴንሶ አለ። እ.ኤ.አ. በ1949 ከቶዮታ ወጥቶ ራሱን የቻለ ድርጅት ነው፤ ለካንዴላ፣ ለሴንሰር፣ ለኤሲ ኮምፕረሰር አምነዋለሁ። ለውሃ ፖምፓና ለፍሪሲዮን አይሲን፣ ለሾክ ኬዋይቢ፣ ለኩሽኔታ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን ወይም ኮዮ ጥሩ ናቸው። የጀርመን መኪና ከሆነ ደግሞ ለእግር ዕቃ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር ለሚያያይዘው) ለምፎርደር፣ ለሾክና ለፍሪሲዮን ሳክስ፣ ለፊልትሮ ማን ወይም ማህሌ፣ ለፍሬንና ለኤሌክትሪክ ነገር ቦሽ። የለምፎርደርን ዕቃ በደንብ ብታዩት አንዳንዴ የመኪናው አምራች ምልክት የነበረበት ቦታ በመፋቂያ ማሽን ተፍቆ ታገኙታላችሁ። ያው ዕቃ ነው፤ ሳጥኑ ነው የተለየው።

ስሞቹን በጭፍን ግን አትከተሉ። የእናንተን መኪና ፖምፓ የሠራው አይሲን ላይሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ አሮጌውን ዕቃ ፍታችሁ አጽዱት። የሠሪው ስም ወይም ምልክት ብዙ ጊዜ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። እኔ አሮጌ ዕቃ ሳላይ አዲስ አልገዛም።

ከመኪናው አምራች ሳጥን ሌላ የማልነካቸው ነገሮችም አሉ። ከሁሉ በፊት የካምቢዮ ዘይት። በተለይ ሲቪቲ ካምቢዮ ያለው መኪና የራሱን ዘይት ካላገኘ ይጠፋል። እንደ ተራ አውቶማቲክ አይደለም፤ በውስጡ የብረት ቺንጊያ በሁለት ሾጣጣ መዘውሮች መሃል ተይዞ ነው የሚሠራው፣ ዘይቱም ያን መያዝ የሚችል ሆኖ የተቀመመ ነው። "ሁሉም ላይ ይሆናል" የሚል ጀሪካን ካመጡላችሁ አይሆንም በሉ። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ክፈቱና እዚያ የተጻፈውን ስም ግዙ።

አስመስለው የሚሠሩት በብዛት ቶሎ ቶሎ የሚቀየረውን ዕቃ ነው፦ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ሸራ። ካንዴላ ላይ የማያት አንዲት ቦታ አለች። ኢሪዲየም (ጫፉ ኢሪዲየም ከሚባል ጠንካራ ብረት የተሠራ) ተብሎ የተሸጠላችሁ ከሆነ መሃል ላይ ያለችው ጫፍ እንደ መርፌ ቀጭን መሆን አለባት፤ ዴንሶ እስከ 0.4 ሚሊሜትር የሚያወርደው ዓይነት አለው። ጫፏ እንደ ተራ ካንዴላ ወፍራም ከሆነች ኢሪዲየም አይደለም። አራቱንም ከሳጥን አውጡና ጎን ለጎን አቁሟቸው። በነጩ ሸክላ ላይ ያለው ጽሑፍ አንዱ ወፍሮ አንዱ ደብዝዞ ከታየ መልሱት። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ የፍሬን ሸራ ደግሞ በክብ ውስጥ ኢ ፊደልና ቁጥር፣ ከጎኑም 90አር የሚል ምልክት ይኖረዋል። ያ የአውሮፓን የፍሬን መመዘኛ ያለፈ መሆኑን የሚያሳይ ነው።

ያገለገለ ዕቃስ? ቦታውን ካወቃችሁ በጣም ጥሩ ነው። በር፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖኪዮ፣ ቸርኬ፣ ወንበር፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ ያገለገለ እገዛለሁ፤ አንዳንዴ ከአዲሱ ኮፒ በእጅጉ ይበልጣል። መብራት ሲሆን ግን ተጠንቀቁ። በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ የፊት መብራት አጭሩን ብርሃን የሚያዘነብለው ወደ ግራ ነው። በቀኝ በሚነዳበት አገር ከገጠማችሁት ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ትወጋላችሁ። ሞተር ወይም ካምቢዮ ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ የሞተሩን መለያ ከራሳችሁ ሞተር ጋር አመሳክሩ፤ ሞተሩ ከመገጠሙ በፊትም ኮምፕረሽኑ (በየሲሊንደሩ ያለው ግፊት) ይለካ። የአንዱ ሲሊንደር ውጤት ከሌሎቹ በጣም ካነሰ አትውሰዱ። የፍሬን ሸራ፣ ቺንጊያ፣ ሾክ፣ ጎሚኒ (በብረት መገጣጠሚያዎች መሃል የሚገባው ላስቲክ)፣ ኤርባግና የደህንነት ቀበቶ ያገለገለ አልገዛም፤ በእነዚህ ላይ ምንም ድርድር የለኝም። ያገለገለ ጎማ ለመግዛት የተገደደ ሰው ጎኑ ላይ ካለው ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብብ። 2322 ማለት እ.ኤ.አ. በ2022 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ አዲስ ነው ማለት አይደለም።

ከውጭ አገር በቀጥታ ማዘዝ ለትንንሽና ውድ ዕቃ ያዋጣል፦ ሴንሰር፣ ካንዴላ፣ ቫልቭ። ለማርሚታና ለፓራውልት አይመከርም፤ ጭነቱ በክብደት ብቻ ሳይሆን በሚይዘው ቦታም ስለሚታሰብ። ኤርባግና ባትሪ ደግሞ አደገኛ ጭነት ተብለው ስለሚመደቡ በአውሮፕላን ማስመጣት ከባድ ነው። ሁልጊዜ በዕቃው ቁጥር እዘዙ። "ለዚህ ሞዴል ይሆናል" የሚለውን የሻጩን ቃል አትመኑ፤ ወዳጄን ሦስት ጊዜ ያመላለሰው እሱ ነው።

ጋራዥ ላይ ብዙ መናገር እፈልጋለሁ፤ ጥሩ ዕቃ በመጥፎ እጅ ሲገጠም ብዙ አይቻለሁና። የአምራቹ ወኪል ጋራዥ መኪናችሁ አዲስ ከሆነ፣ ሶፍትዌር ወይም ቁልፍ ማስነበብ ካስፈለገ፣ ዋስትናም ካለው ጥሩ ምርጫ ነው። ችግሩ መኪናው ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ከሆነ ወኪሉም ካታሎጉ ላይ ላያገኘው መቻሉ ነው። ዕድሜው ለገፋ መኪና እኔ የምመርጠው በአንድ ወይም በሁለት ዓይነት መኪና ላይ ብቻ የሚሠራ የግል ጋራዥ ነው። ያን ሞተር መቶ ጊዜ የፈታ ሰው ድምፁን ሰምቶ ይነግራችኋል። ሁሉን እንሠራለን የሚለው ጋራዥ ለዘይት፣ ለሸራ፣ ለጎማ ይሆናል። ከዚያ ካለፈ አይመቸኝም።

መካኒክን የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ "ምን ለክተህ ነው?" ቼክ ኢንጂን በርቶ ማሽን ሲሰካ ኮድ ይመጣል። ኮዱ ግን የት እንደሚፈለግ እንጂ ምን እንደሚቀየር አይናገርም። ለምሳሌ ፒ0171 ወደ ሞተሩ ከነዳጁ አንጻር አየር በዝቷል ማለት ነው። ኮዱን አይቶ ወዲያው "ኦክስጅን ሴንሰር ግዛ" የሚል አለ። አንድ ጊዜ ይህ ኮድ የበራበትን መኪና አንድ ጎበዝ መካኒክ ሲያይ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተር የሚሄደውን እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ የጎማ ቱቦ በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ጎበጥ አደረገው። እጥፋቱ ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ እንደ አፍ ተከፈተ። ሞተሩ ሲናወጥ ይከፈታል፣ ሲረጋ ይዘጋል። ቱቦው ተቀየረ፣ መብራቱ ጠፋ። ሴንሰሩ ምንም አልነበረበትም።

የእኔም መኪና ላይ የደረሰ አለ። የፊት ጎማ ኩሽኔታ ጮኸ፤ ጥሩ ስም ያለው አዲስ ገዝቼ አስገጠምኩ። ከጋራዡ እንደወጣሁ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) መብራት በራ። ሴንሰሩ ነው አሉኝ፣ ሴንሰር ገዛሁ። መብራቱ እንደበራ ነው። ሌላ መካኒክ ጋ ስሄድ ከመፍታቱ በፊት አንድ ተመሳሳይ አዲስ ኩሽኔታ አምጥቶ ቀጭን መርፌ አስጠጋበት። መርፌዋ በአንዱ ጎኑ ብቻ ተሳበች። ያ ጎን ማግኔት ያለው ነው፤ ሴንሰሩ የጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ከእሱ ነው። የኔው ተገልብጦ ነበር የገባው። ኩሽኔታ ደግሞ ሲነቀል ስለሚጎዳ ሁለተኛ መግዛት ነበረብኝ። ኩሽኔታ ስታስቀይሩ "ማግኔቱ በየት በኩል ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው ደስ ብሎት ያሳያችኋል።

የእግር ጎሚኒ ስታስቀይሩም አንድ ነገር እዩ። ጥሩ መካኒክ ቡሎኑን በእጁ አስገብቶ መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው አጥብቆ የሚያስረው። አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከታሰረ ጎሚኒው መኪናው ሲወርድ ይጠመዘዝና ሁልጊዜ ተወጥሮ ይኖራል፤ በአጭር ጊዜም ይቀደዳል። ከዚያ "ዕቃው ኮፒ ነው" ይባላል። ሾክም ሲቀየር በጥንድ ነው፤ የግራና የቀኝ አንድ ላይ። አሮጌውን ዕቃ ሁልጊዜ መልሱልኝ በሉ።

ከቻይና የመጣ የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ጠይቃችሁኛል። ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ ከሆነ የቻርጅ ሶኬቱ ጂቢቲ የሚባለው ነው፤ ከአውሮፓው ሲሲኤስ2 ጋር በቀጥታ አይገጥምም። ስለዚህ ከመኪናው ጋር አብሮ መገዛት ያለበት አዳፕተር ነው። ጋራዥ ስትመርጡም ስለ ሞተሩ አትጠይቁ፤ ከፍተኛ ቮልቴጁን የሚያጠፉበት መንገድ፣ የጎማ ጓንትና የሠለጠነ ሰው እንዳላቸው ጠይቁ። መኪናው "አልነሳም" ካለ ደግሞ ትልቁን ባትሪ ከመጠርጠራችሁ በፊት ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ አስለኩ። የኤሌክትሪክ መኪናም እሷ አላት፤ እሷ ከደከመች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሳም።