«ሽርሽር» ነው ያልከው? በጣና ጀልባና በእንቦጭ ላይ የተነሳ ክርክር

የማዕበል ልጅ (ባህር ዳር)
ትናንት ጣናን ስለወረረው የውኃ አረም፣ ስለ እንቦጭ በተጠራ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንድ ተናጋሪ ተነስተው «የመዝናኛ ጀልባ በሙሉ መመርመሪያ ቦታ እስኪዘጋጅለት ይቁም፤ እንቦጩን ከዳር ዳር እያዞረ የሚዘራው እሱ ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ደሜ ፈላ። 17 ዓመት ጣና ላይ ሞተር ነድቻለሁ። እንቦጩ መጀመሪያ የታየው በመገጭ ወንዝ መግቢያ፣ በሰሜኑ በደንቢያ በኩል ነው። 2004 ዓ.ም አካባቢ መሆኑን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያኔ የእኛ የቱሪስት ጀልባ እዚያ ምን ሊሠራ ሄዶ ነው የዘራው? እኛ ያለነው ሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ነው። ጥፋተኛ ሲፈለግ ሁልጊዜ ቅርብ ያለው ሰው ነው የሚያዘው።

ደንቢያ ነኝ
ወንድሜ፣ መናደድህ ይገባኛል። ግን የሰውየው ሐሳብ ልክ ነው። የአባቴ መሬት ሐይቁ ዳር ነው። በ2013 ዓ.ም ጥቅምት ዘመቻው ሲጀመር እስከ ደረቴ ውኃ ውስጥ ገብቼ ነቅያለሁ። እግሬ ላይ አልቅት ተጣብቆ፣ መዳፌ ተልጦ። ያጸዳነው ቦታ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቅጠል እንኳ ከቦታ ቦታ ስትሄድ ማየት አልችልም። የሚጎዳ ሰው ይኖራል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ለሽርሽር ጀልባ ብለን ሐይቁን አናጣም።

የማዕበል ልጅ (ባህር ዳር)
«ሽርሽር» ነው ያልከው? ባለፈው ሳምንት ያጓጓዝኩትን ልንገርህ። ለኡራ ኪዳነ ምሕረት ንግሥ የሚሄዱ እናቶች። ሁለት ጀርመኖች። የአንድ ሟች አስከሬን ከነለቅሶኛው። አምስት ጆንያ እህል። የትኛው ነው ሽርሽር?

ከደቅ ደሴት
እኔም ይቺን «ሽርሽር» የምትል ቃል አልወደድኳትም። ለእኛ መንገድ ማለት ውኃው ነው። አስፋልት የለንም፣ ድልድይ የለንም። እህቴ ምጥ ጠንቶባት በሌሊት ባህር ዳር ያደረስናት በጀልባ ነው። ያን ሌሊት ሞተሩ መሃል ላይ ጋለና ፉጨቱን ለቀቀው። ነጂው በባትሪ ብርሃን ጎንበስ ብሎ ሲያይ የእንቦጭ ሥር ውኃ መሳቢያውን ደፍኖታል። እንደ ፀጉር ጥቁርና ረጅም ሥር ነው፤ ሲነኩት ያሟልጫል። በቢላዋ ቆራርጦ እስኪያወጣው ድረስ እህቴ እየጮኸች ነበር። እና እኛ ነን ለሽርሽር ብለን ሐይቁን የምናጠፋው?

ደንቢያ ነኝ
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያውቃል አንቺን ለመንካት አልተናገርኩም። እህትሽም እንኳን በሰላም ተገላገለች። የሕዝብ ማመላለሻ ይቁም አላልኩም። ያልኩት የመዝናኛውን ነው። ፈረንጅ ጭኖ ጉማሬ የሚያሳየውን።

የማዕበል ልጅ (ባህር ዳር)
ያው ጀልባ እኮ ነው! ጠዋት ቱሪስት፣ ከሰዓት ጆንያ። የነዳጁን የሚከፍልልኝ ቱሪስቱ ነው። እሱ ከቀረ እነ እህቴን በምን ሒሳብ ነው ደቅ የማመላልሳቸው? «የመዝናኛ» የሚባል ለብቻው የቆመ ጀልባ ያለህ ይመስልሃል። የለም። እዚህ መጥተህ ወደቡ ላይ ቁጠራቸው።

መምህር ከፎገራ
ልጆች፣ ጣልቃ ልግባ። ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ጀልባ ያሰራጫል ወይ? አዎ፣ ያሰራጫል። እንቦጭ በዘር ብቻ አይደለም የሚራባው። ከእናቲቱ ጎን እንደ ገመድ ያለ ቅጥያ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ልጅ ይይዛል። የሞተር ምላጭ ያንን ሲቆራርጠው ልጆቹ ተለያይተው ይንሳፈፋሉ፤ እያንዳንዷ ደግሞ ራሷን ችላ ታድጋለች። ሙቀትና ምግብ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ግን ከጀልባው ሁሉ በላይ የሚያጓጉዘው ነፋስ ነው። ማታ ያልነበረ ምንጣፍ ጠዋት ደጃችሁ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ነፋስን ደግሞ ማንም አያግደውም።
ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ደንቢያ ላይ የነቀላችሁት የተመለሰው ለዚህም ጭምር ነው። ጀልባ ባይደርስበትም ይመለስ ነበር።

ደንቢያ ነኝ
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «ያሰራጫል» ብለዋል። ለእኔ እሱ ይበቃኛል።

የማዕበል ልጅ (ባህር ዳር)
«ነፋስ ይበልጣል» ያሉትንስ ዘለልከው?

ደንቢያ ነኝ
አልዘለልኩትም። ነፋሱን ማሰር አልችልም። ሞተሩን ማሰር ይቻላል። ማድረግ የሚቻለውን እናድርግ ነው የምለው።

መምህር ከፎገራ
ማድረግ ከሚቻለው ውስጥ ትልቁ ነገር ሳይነካ ቀርቷል እኮ። እንቦጭ የሚበላውን ማን ነው የሚያቀርብለት? ጉማራና ርብ በክረምት ቡናማ ሆነው ሲገቡ አይታችኋል? የታጠበ አፈር ነው፣ ማዳበሪያ ነው። የከተማው ፍሳሽ ደግሞ በሌላ በኩል ይገባል። ጠግቦ የሚያድር አረም በነቀላ ብቻ አይጠፋም።

ደንቢያ ነኝ
እንግዲህ ዞሮ ዞሮ ገበሬው ላይ መጣ! ጀልባው ንጹሕ፣ ሆቴሉ ንጹሕ፣ ጥፋተኛው ማዳበሪያ የበተነ ገበሬ። አባቴ ማዳበሪያውን በዕዳ ነው የሚገዛው። አንድ ጭብጥ ቢበዛበት ያመዋል። ሐይቁ ዳር ተሰልፈው የቆሙት ቤቶች ፍሳሻቸውን የት ነው የሚለቁት? እሱን መጀመሪያ ይመልሱልኝ።

መምህር ከፎገራ
ገበሬውን አልከሰስኩም ልጄ። እኔም የፎገራ ሩዝ ነው ያሳደገኝ። ዳገቱ ላይ እርከን ይሠራ፣ ዳር ዳሩን ደንገል ይተከል፣ ፍሳሹ ይጣራ ነው የምለው። ደንገል ደለሉን ይዞ ያስቀራል። ታንኳ የሚሠሩትም ሰዎች እኮ ደንገሉ እየራቀ አስቸግሯቸዋል።

ሚኒሶታ ያለሁ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሚኒቶንካ የሚባል ሐይቅ አጠገብ ነው የምኖረው። የእነሱ አረም ሌላ ነው፤ ውኃው ውስጥ ሰጥሞ የሚበቅል፣ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ። ጀልባ አልታገደም። ሕጉ ግን ጥብቅ ነው። ከውኃ ስትወጣ አረሙን ከጀልባህና ከተጎታችህ ላይ ለቅመህ ታወርዳለህ፣ የያዝከውን ውኃ ታፈሳለህ፣ የማፍሰሻውን ቡሽ ነቅለህ ነው መንገድ የምትገባው። ካላደረግክ ትቀጣለህ። ባለፈው ክረምት ከልጄ ጋር ስንወጣ ከተጎታቹ ሥር አንዲት ጣት የምታህል ቅጠል ቀርታ ተቆጣጣሪዋ ተንበርክካ አወጣቻት። ለምን ይሄ ባህር ዳር አይሠራም?

የማዕበል ልጅ (ባህር ዳር)
ወንድሜ፣ እዚያ ሰው ጀልባውን በመኪና ጎትቶ ከሐይቅ ሐይቅ ይዞራል። የእኔ ጀልባ ከጣና ወጥታ አታውቅም። አሥር ጊዜ ብትታጠብ የምትገባው እዚያው ውኃ ውስጥ ነው።

ሚኒሶታ ያለሁ
ልክ ነህ፣ እሱን አላሰብኩትም። ግን ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዱ ዳር የተወረረ፣ ሌላው ዳር ገና ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ከተወረረው ወደ ንጹሑ ስትሄድ መሃል ላይ ሞተሩን አንስተህ ብታጸዳ ምን ይጎዳል?

የማዕበል ልጅ (ባህር ዳር)
አይጎዳም። አሁንም እናነሳዋለን። አረሙ ከውኃው እንዲወጣ ብለን ሳይሆን ሞተሩ እንዳይቃጠልብን ነው እንጂ። የቆረጥነውን መልሰን ውኃ ውስጥ እንደምንጥለው አልክድም።

ደንቢያ ነኝ
ይኸው! ራሱ አመነ!

የማዕበል ልጅ (ባህር ዳር)
ያመንኩት እውነት ስለሆነ ነው። ጆንያ ይዞ መውጣት ይቻላል። አንድም ሰው መጥቶ «ቆርጠህ ውኃ ውስጥ አትጣል፣ ጆንያ ውስጥ ክተት» ብሎን አያውቅም። በቀጥታ «ይቁም» ነው የተባልነው። የተናደድኩት በዚህ ነው።

ወንጂ ያደግሁ
እናንተ እንቦጭ በጣና የተጀመረ ነው የሚመስላችሁ። ቆቃ ሐይቅ ላይ የታየው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ልጅ ሆኜ የመስኖው ቦይ በሐምራዊ አበባ ተሸፍኖ ነበር፤ ቆርጠን እንጫወትበታለን። ማንም ሚዲያ አልመጣም፣ ማንም አልዘመተም። ጣና ሲነካ አገር ተንቀጠቀጠ። ቅናት አይደለም፤ ያኔ ተነስተን ቢሆን ዛሬ እዚህ አንደርስም ነበር።

ከደቅ ደሴት
አባባሎት ያሳዝናል፣ እውነትም ነው። ግን ጣና ላይ ገዳማቱ አሉ። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አጽም ያረፈበት ነው። ሰው ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል?

ወንጂ ያደግሁ
አልገረመኝም እህቴ። የቆቃ ዓሣ አጥማጅም ልጆች አሉት ነው የምለው። ለማንኛውም ጥንዚዛውን ሞክሩት። ወንጂ ላይ ሲራባ ነበር። እንቦጭ ብቻ የሚበላ ትንሽ ጥንዚዛ ነው፤ ቅጠሉን ይፍቀዋል፣ ትሉ ግንዱን ይቦረቡረዋል።

መምህር ከፎገራ
ጥንዚዛው ከደቡብ አሜሪካ ነው፣ እንደ እንቦጩ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ተለቅቆ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ዓመታት ግን ይፈልጋል። በየመሃሉ አረሙ በሙሉ ከተነቀለ ደግሞ ጥንዚዛውም አብሮ ይወጣል። ዘመቻና ጥንዚዛ አንድ ቦታ ላይ አይስማሙም፤ ቦታ መከፋፈል ይፈልጋል። ቪክቶሪያም ላይ ቢሆን እንቦጩ በኋላ ተመልሷል።

ሚኒሶታ ያለሁ
እዚህ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ላይ እንቦጩን በኬሚካል ነው የያዙት። እንፋሎት መርከቦቹ ወንዝ ላይ መሄድ ሲያቅታቸው ኮንግረሱ በ1899 እ.ኤ.አ. ለሠራዊቱ መሐንዲሶች መንገዱን አጽዱ ብሎ ሥልጣን ሰጠ። ዛሬም ድረስ እየረጩ ትንሽ ሆኖ እንዲቆይ ያደርጉታል።

ከደቅ ደሴት
እኛ ውኃውን እንጠጣዋለን ወንድሜ። ከሐይቁ ቀድተን ነው ሽሮ የምንሠራው።

ሚኒሶታ ያለሁ
ይቅርታ። ልክ ነሽ።

ደንቢያ ነኝ
የእንቦጭ ማጨጃ ማሽኖቹስ? ስንት ሰው ከየአገሩ ገንዘብ አዋጥቶ የመጡት ማሽኖች ቆመው አየን። አንዱ መለዋወጫ፣ ሌላው ነዳጅ፣ ሌላው ነጂ ተባለ። እሱን የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው ሁላችንም እዚህ እርስ በርስ የምንባላው።

ሚኒሶታ ያለሁ
ካዋጡት አንዱ እኔ ነኝ። ከሌሊት ፈረቃ ደሞዜ ላይ። ማሽኑ መቆሙን ስሰማ አልቅሻለሁ። ግን ደግሞ ማሽን ላይ ብቻ ተስፋ መጣሉ የእኛም ስህተት ነበር። ደለል የሞላው ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ እንዴት እንደሚገባ አልጠየቅንም።

ደንቢያ ነኝ
አንተን አይደለም የወቀስኩት። አዋጥተሃል፣ ይበቃል። እኔ ወደ ጀልባው ልመለስ። የማዕበል ልጅ፣ ጆንያ እይዛለሁ ብለሃል። ጆንያው ውስጥ የሰበሰብከውን የት ነው የምትደፋው?

የማዕበል ልጅ (ባህር ዳር)
ወደቡ ዳር አሰጣዋለሁ። ፀሐይ ያደርቀዋል።

ደንቢያ ነኝ
ዳር? እኛም እኮ ዳር ነበር የከመርነው! ዝናቡ መጣና ግማሹን ይዞት ገባ። ሐይቁ ሲሞላ የከመርንበት ቦታ ራሱ ውኃ ሆነ። በሸክም ራቅ አድርጎ ነው፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ነው። የሚነቅልና የሚሸከም ሰው እኩል መሆን አለበት። ይሄን ያወቅነው ወገባችን ከተቆረጠ በኋላ ነው።

የማዕበል ልጅ (ባህር ዳር)
እሺ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ራቅ አድርጌ እቀብረዋለሁ። አሁንስ ጀልባዬ ትቁም ትላለህ?

ደንቢያ ነኝ
ሁላችሁም ጆንያ እስክትይዙ፣ አዎ፣ ትቁም። አንተ ብትይዝ ከጎንህ ያለው አይዝም።

የማዕበል ልጅ (ባህር ዳር)
እና እኔ በእሱ ጥፋት ልጆቼን ላስርብ?

መምህር ከፎገራ
ማንም አይራብ። ማኅበራችሁ ቁጭ ብሎ ይነጋገር። ነጂው ያሰረው ጆንያ ወደቡ ላይ ይታይ፣ ያልያዘ አይነሳ። መንግሥት እስኪመጣ አትጠብቁ።

ደንቢያ ነኝ
የሚያየው ማን ነው መምህር? ያው ራሳቸው?

ከደቅ ደሴት
እናንተ ተነጋገሩ። የማዕበል ልጅ፣ ቅዳሜ ጀልባ አለ ወይስ የለም? እናቴን ሐኪም ቤት ማድረስ አለብኝ።

የማዕበል ልጅ (ባህር ዳር)
አለ እህቴ። ከዚህ ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ። ጆንያም እይዛለሁ።