ለዝናብና ለሙቀት ዳታ፦ ሲዲኦ ወይስ ኤንሲኦ?

በአየር ንብረት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ልጆች፣ በየትኛው መሣሪያ እንጀምር ለምትሉት የእኔ ጥቆማ ይኸው። ሲዲኦ (CDO) እና ኤንሲኦ (NCO) የአየር ንብረት ዳታ ፋይሎችን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚቆርጡና የሚያሰሉ ፕሮግራሞች ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ፋይሉ። ኔትሲዲኤፍ (NetCDF፣ የአየር ንብረት ዳታ ከነመግለጫው የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) እያለ ሲኤስቪ (CSV፣ ተራ የሰንጠረዥ ፋይል) አታውርዱ። ሲኤስቪ ውስጥ 12.4 የሚል ቁጥር ብታገኙ ሚሊሜትር ይሁን ሜትር፣ የቀን ይሁን የወር አይነግራችሁም። ኔትሲዲኤፍ ግን መለኪያውን፣ ቀኑን፣ ኬክሮስና ኬንትሮሱን፣ የጎደለ ዳታ በምን ቁጥር እንደተተካ ጭምር አብሮ ይይዛል። የኔትሲዲኤፍን ይዘት የሚያሳየውን ኤንሲዳምፕ (ncdump) የሚባል ትእዛዝ ከሰረዝ ኤች (-h) ጋር ስትጽፉ ቁጥሮቹን ሳይዘረግፍ ይህን መግለጫ ያሳያችኋል። እሱን ሳታዩ ስሌት አትጀምሩ። ለምሳሌ ከታወቁት የዳታ ስብስቦች የኢራ5 (ERA5፣ የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል ዳታ) ዝናብ በሜትር ነው፣ የቺርፕስ (CHIRPS፣ ከሳተላይትና ከመለኪያ ጣቢያዎች የተሠራ የዝናብ ዳታ) በሚሊሜትር። ዝም ብላችሁ ካወዳደራችሁ የሺህ እጥፍ ስህተት ነው።

ለጀማሪ ያለማመንታት ሲዲኦን እመርጣለሁ። ሐምቡርግ ያለው የማክስ ፕላንክ የሜትሮሎጂ ተቋም ነው የሠራው፤ የዘርፉን ሥራ በደንብ ያውቀዋል። ለወር ድምር፣ ለዓመት አማካይ፣ ወራትን ለመምረጥ ለእያንዳንዱ የራሱ አጭር ትእዛዝ አለው። ቺርፕስ ከ1981 ጀምሮ ያለ ዝናብ ስለያዘ የዕለቱ የዓለም ፋይል ላፕቶፕ ያስጨንቃል። ሲዲኦ ኢትዮጵያን (ኬንትሮስ ከ33 እስከ 48፣ ኬክሮስ ከ3 እስከ 15) ቆርጦ፣ ክረምቱን መርጦ፣ በየዓመቱ ደምሮ በአንድ መስመር ይጨርሳል። ትእዛዞቹ የሚሠሩት ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ስለዚህ የሚቆርጠውን ከዋናው ፋይል ስም አጠገብ አድርጉት፤ ቀሪው ሥራ በጣም ይፈጥናል። ወሮቹ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፦ ክረምት ከ6 እስከ 9 እንጂ ሰኔ 10ኛ ወር ነው ብላችሁ 10 እንዳትጽፉ።

ኤንሲኦ የሚያስፈልጋችሁ የፋይሉን መግለጫ ስታርሙ ነው። የተሳሳተ መለኪያ ማስተካከል፣ የተለዋዋጭ ስም መቀየር፣ የየዓመቱን ፋይሎች መቀጠል ላይ የሚያህለው የለም። ግን ተጠንቀቁ። ኬክሮስ 3.0 ብላችሁ በነጥብ ከጻፋችሁ ዲግሪ ነው፤ ያለ ነጥብ 3 ካላችሁ ግን የረድፍ ተራ ቁጥር ነው። ስህተት ሳይል የሌላ አገር ዝናብ ሊሰጣችሁ ይችላል። ኤንሲኦ ግሪብ (GRIB) የሚባለውን ሌላ የአየር ዳታ ፋይል ዓይነትም አያነብም፣ ሲዲኦ ያነባል።

ውጤቱን ፈጥኖ በዓይን ለማየት ኤንሲቪው (ncview) የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል። ሁሉም ነፃ ናቸው። ዊንዶውስ ያላችሁ መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን የሚያስኬደውን ደብሊውኤስኤልን (WSL) ኡቡንቱ ከሚባለው ሊኑክስ ጋር ጫኑ፤ ከዚያ ሲዲኦን፣ ኤንሲኦንና ኤንሲቪውን ሦስቱንም በአፕት (apt፣ የኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ ትእዛዝ) ታገኛላችሁ።