የጥቅጥቅ ደን እንስሳትንና ዕፅዋትን ለትናንሽ ተማሪዎች ለማስተዋወቅ፦ ደሴ፣ ሐይቅና ኮምቦልቻ ላይ ምን ይሻላል? (ጥቆማ)

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ውስጥ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የማስተምር መምህርት ነኝ። በቅርቡ ስለ ጥቅጥቅ ደን እንስሳትና ዕፅዋት አስተምራለሁ። ትምህርት ቤቱ ጥቂት ገንዘብ ፈቅዶልኛል። ፖስተር ልግዛበት፣ የላስቲክ እንስሳት ልግዛበት ወይስ ልጆቹን አንድ ቦታ ልውሰድበት? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ፤ ብቻ ገንዘቡን ፖስተር ላይ አትጨርሺው። ፒያሳ ባሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች የሚሸጠው ከውጭ የገባ ፖስተር ቀለሙ ዓይን ይስባል፤ ይዘቱ ግን ቅይጥ ነው። የአፍሪካ ዝሆን፣ ባለ መስመሩ የእስያ ነብር፣ የአውስትራሊያ ካንጋሮ፣ አንዳንዴም ፔንግዊን ሳይቀር አንድ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ታገኛለሽ። የሰባት ዓመት ልጅ ግድግዳ ላይ ያየውን ያምናል። አስቀድሞ የተገዛ ካለ አትጣይው፤ በመቀስ ለያይተሽ «ማን የት ይኖራል?» እያልሽ ልጆቹ በየአህጉሩ እንዲመድቡት አድርጊ። የላስቲኮቹ እንስሳት ደግሞ በአንድ ከረጢት ውስጥ እንቁራሪቱ ጉማሬውን ያህላል። ለጨዋታ ይሆናሉ፣ መጠን ለማስተማር ግን አይረዱም።

እኔ በቅድሚያ የምልክሽ ሰኞ ገበያ፣ ቅመም ሻጮች ዘንድ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ኮረሪማ፣ ጥምዝና ቡና በየቤታችን ስላሉ የጫካ ዕፅዋት መሆናቸውን ረስተናል። ሦስቱም ካፋና ሸካን በመሰለው የደቡብ ምዕራብ እርጥብ ደን ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በተፈጥሮ ይበቅላሉ። ኮረሪማውን ያልተፈለፈለ፣ በገመድ የተሰካውን ግዢ። ልጆቹ ደረቁን ቅርፊት ራሳቸው ሲሰብሩት ውስጡ ተጣብቀው የተደረደሩት ፍሬዎች ይወጣሉ፤ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በሽታ ብቻ የትኛው ምን እንደሆነ ይለዩ። ጥምዝ ስለሚያቃጥል የነኩበትን እጅ ወደ ዓይናቸው ሳይወስዱ ወዲያው አስታጥቢያቸው።

ከተረፈሽ ገንዘብ ትልቁን ድርሻ ለባነር ማተሚያ ስጪ። ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርድ አንድ ረጅም ሥዕል አሳትሚ፦ ከታች ድኩላና የዱር አሳማ፣ ከፍ ብሎ ቡናና ኮረሪማ፣ ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠ ጉሬዛ፣ ከሁሉም በላይ አናቱን ያወጣ ቀረሮ። ቀረሮ ከ40 ሜትር በላይ የሚያድግ የደቡብ ምዕራብ ደን ዛፍ ነው፤ ከአሥር ፎቅ በላይ ማለት ነው። ደን ወለልና ፎቅ እንዳለው፣ በየፎቁም የተለያየ ነዋሪ እንዳለ ልጆቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲያዩ ይገባቸዋል። ባነር በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል፣ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል። በፎቶ ኮፒ ቤት የሚላመነት ወረቀት ይረክሳል፤ ነገር ግን ያንጸባርቃል፤ ከመስኮት ትይዩ ከሰቀልሽው ከኋላ የተቀመጡት ነጭ ብርሃን እንጂ ጉሬዛ አያዩም።

ስለ ጉሬዛ ካነሳን፣ ምንም ወጪ የሌለውን ነገር ልጨምርልሽ። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ቀሪዎቹን አራት ጣቶች እንደ መንጠቆ አጥፎ ቅርንጫፍ ይይዛል። ልጆቹ አውራ ጣታቸውን መዳፋቸው ውስጥ ደብቀው እርሳስ ለማንሳት፣ ከዚያም የበሩን አግዳሚ ለመያዝ ይሞክሩ። ቀጥሎ ከጭላዳ ጋር አወዳድሪላቸው። ጭላዳ የደጋና የገደል እንስሳ ነው፤ ሣር ለቃሚ ስለሆነ አውራ ጣቱ ዋና መሣሪያው ነው። በዓለም ላይ ያለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ጉሬዛ ግን ኑሮውም ምግቡም ዛፍ ላይ ነው፣ ቅጠል ይበላል።

ቪዲዮ ከፈለግሽ ከዩቲዩብ አስቀድመሽ አውርጂ፤ መብራቱም ኔትወርኩም አይታመንም። ተራኪው በእንግሊዝኛ ስለሚፈጥን ድምፁን አጥፍተሽ አንቺው በአማርኛ ተርኪላቸው።

ጉዞን በተመለከተ፣ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጭላዳም፣ በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረው ቀይ ቀበሮም፣ አስታና ጅባራ የሚባሉት የደጋ ዕፅዋትም አሉበት። ነገር ግን በመካነ ሰላም በኩል ያለው መንገድ ለሕፃናት አይሆንም፤ ለትልልቆቹ ተይው። ለአንቺ የሚመቸው ሐይቅ ነው፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሚኒባስ በኮንትራት ስትይዢ የሚቆምበትን ሰዓት ጨምረሽ ተዋዋይ፤ አለበለዚያ መመለሻ ላይ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። የሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ሴት ስለማያስገባ ሴት ልጆቹን በር ላይ ከማስቀረት ሁላችሁም ከሐይቁ ዳር ዋሉ፤ ወፎቹም ዛፎቹም እዚያው አሉ።

ከኮምቦልቻ፦ መምህር፣ በሁሉም እስማማለሁ፤ ጉዞው ላይ ግን እዚሁ አጠገባችን ያለውን «የጎፍ» የተባለውን ደን መርሳትዎ አልገባኝም። ከሐይቅ ይልቅ ደን የሚመስለው እሱ ነው። ወይራውንና አገር በቀሉን ጽድ ከባሕር ዛፉ አጠገብ ታያላችሁ። እኔ ልጆቹን ከአገር በቀሎቹም ከባሕር ዛፉም ሥር በየተራ ቁጭ አደርግና የወደቀውን ቅጠልና የሚንቀሳቀሰውን ነፍሳት እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ፤ ልዩነቱን ሳልነግራቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ደኑን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አስገቡ፣ የመንገዱንም ሁኔታ ከቀበሌ ጠይቁ። ጦርነት ያለፈበት አካባቢ ነውና ልጆቹ መሬት ላይ ያገኙትን ብረት እንዳይነኩ አጥብቃችሁ ንገሯቸው።

መልስ፦ እውነትዎን ነው፣ የጎፍ ይሻላል። ለሐይቅ ያደላሁት በቡናው ምክንያት ነው፤ በአካባቢው ጓሮ የሚተክሉ አሉ። እህቴ፣ ከገበያ የተገዛ የቆየ ጥሬ ቡና ብዙውን ጊዜ አይበቅልም። በጥቅምትና በኅዳር የቀላ እሸት ለምነሽ፣ ልጡን ልጠሽ፣ ገለፈቱን ሳትነኪ በላስቲክ ኩባያ ዝሪ፤ ጥላ ይፈልጋል። ከሁለት ወር በፊት ተስፋ አትቁረጪ። ስትወጣ ፍሬዋን አናቷ ላይ ተሸክማ ነው የምትወጣው፤ ልጆቹ በየጠዋቱ ሳያዩዋት አይገቡም።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለባነሩ ምን ያህል መጠን ይበቃል? ስሞቹንስ በአማርኛ ይጽፉልኛል?

መልስ፦ ቁመቱ በክፍልሽ ቁመት ልክ፣ ወርዱ አንድ ሜትር ይሁን። ስሞቹን በአማርኛ አስጽፊ፤ ነገር ግን ፋይሉን በጽሑፍ መልክ አትውሰጂላቸው። የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ያንቺ ፊደል ከሌለው ባዶ ሣጥን ብቻ ይወጣል። በምስል መልክ አስቀምጠሽ ውሰጂ፣ ማተም ሳይጀምሩም ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ አንብቢው።