«ሆድሽ አነሰ» ለተባለች እናት፦ ሐይቅና ደሴ የት ትታይ?

ከሐይቅ ከተማ «ሆድሽ አነሰ ተባልኩ፣ የት ልታይ?» ብለሽ የጠየቅሽን እህቴ፣ አብሽሪ። እኔም በ34 ሳምንቴ «ሆድሽ ከሳምንትሽ አንሷል፣ ደሴ ሄደሽ ታዪ» ተብዬ ነበር።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያሽን አትናቂው። ሚድዋይፏ በሜትር የለካችው ከብልት አጥንት እስከ ማሕፀን ጫፍ ያለውን ነው። ከ24 ሳምንት በኋላ ሴንቲሜትሩና ሳምንቱ ይቀራረባሉ። ልዩነቱ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አልትራሳውንድ መታየት አለብሽ። የእኔ 30 ሴንቲሜትር ነበር የመጣው። ሜትሯ የልብስ ሰፊ ሜትር ናት፣ ቁጥሯ የደበዘዘ፤ ግን ልክ ነበረች።

«ግል ክሊኒክ ሂጂ፣ ወረፋ የለም» ያላችሁ ልክ ናችሁ፣ የለም። ግን አንዱ ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) ጉድ ሠርቶኛል። የድሮ ወረቀቴን ሳያይ በአልትራሳውንድ ለካኝና «31 ሳምንት ነሽ፣ ልጁ ደህና ነው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ፒያሳ ማኪያቶ ጠጥቼ ቤቴ ገባሁ። ለካ በመጨረሻዎቹ ወራት ማሽኑ ሳምንት የሚቆጥረው የልጁን መጠን አይቶ ነው። ልጁ ካነሰ ሳምንቱንም አብሮ ያሳንሰዋል! በዚህ ስሌት ቀጭጮ የቀረ ልጅ ሁሉ «ደህና» ነው። ቀንሽ የሚያዘው በመጀመሪያው አልትራሳውንድ ነው፣ ከ24 ሳምንት በፊት በተነሳሽው። ያቺን ወረቀት እንደ መታወቂያሽ ያዣት። ከሌለሽም የመጨረሻ የወር አበባሽን ቀን ጽፈሽ ሂጂ።

ግል የምትሄጂ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት «ዶፕለር ታያላችሁ?» በይ። በእትብቱ ውስጥ ደሙ እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው እሱ ነው። ብዙ ቦታ ኪሎ ገምተው ይሸኙሻል። የኪሎ ግምት ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይስታል፤ «2 ኪሎ ነው» ቢሉሽ 1.7ም 2.3ም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንድ ልኬት አትደንግጪ፣ አትዝናኚም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ ድገሚ። በሳምንቱ ሌላ ክሊኒክ መሮጥ ብር ማባከን ነው።

የእኔ ምርጫ ግን ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ወረፋው ያሰለቻል፣ አልዋሽሽም። ግን ስፔሻሊስቱም፣ የኦፕሬሽን ክፍሉም፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉም አንድ ግቢ ውስጥ ነው። «ዛሬውኑ ትውለድ» ቢባል ሌላ ቦታ መሮጥ የለም። ሪፈር ጽፈውልሽ በጠዋት ድረሺ። ከመርሳና ከቆቦ በኩል ላላችሁ ወልድያ ይቀርባችኋል። ገጠር ያላችሁ የእናቶች ማቆያ መኖሩን ጠይቁ። ገንፎና ቡናውም አለ፣ ዋናው ግን ሌሊት መንገድ ላይ አለመቅረታችሁ ነው።

ፋርማሲ ውስጥ «ልጅ የሚያሳድግ» ተብሎ የሚሸጥ ቫይታሚን አትግዢ። በዚህ ጊዜ ልጁን የሚያሳድግ መድኃኒት የለም። ግፊትሽን፣ ሽንትሽንና ደም ማነስሽን ይዩልሽ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚመጣው ከእነሱ ነው። በርጫ የምትቀመጪ (ጫት የምትቅሚ) ከሆነ አሁን ተይው። ቆቦም ሆነ ባቲ ቆላ ያላችሁ ወባም ተመርመሩ።

የልጁ እንቅስቃሴ ከወትሮው ከቀነሰብሽ ይነጋል አትበይ፣ እዚህም አትጠይቂን። በዚያው ሰዓት ሂጂ። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የሚፈስ ደም ካለም እንደዚያው።

የእኔ ዶፕለር ደህና ነበር። ክትትል ላይ ቆይቼ በ37 ሳምንት አስወለዱኝ፣ 2.1 ኪሎ። ልጄ አሁን መሶብ አጠገብ ቆማ ነው የምትበላው።

ወደ ደሴ የምትመጪው ሰኞ ከሆነ በጣም ማልደሽ ተነሺ። የገበያ ቀን ነው፣ ሚኒባስ ውስጥ ከዶሮ ጋር ነው የምትጋፊው።