ስክሪን ፕሪንት፦ ሦስተኛው ቀለም ለምን ከቦታው ይሸሻል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሥራው 4 ቀለም ያለው ስክሪን ፕሪንት ነው (ቀለም በፍሬም ላይ በተወጠረ መረብ በኩል ወረቀት ላይ የሚታተምበት)፣ 50 ቅጂ ብቻ። ሁለቱ ቀለሞች ልክ ገጠሙ፤ ሦስተኛው ወደ 2 ሚሊሜትር ይሸሻል። ከ20 ወረቀት በኋላ ደግሞ ቀጫጭን መስመሮች ይደፈናሉ። ቀለሙ በውሃ የሚታጠብ አክሪሊክ ነው።

መልስ 1፦ መጀመሪያ ወረቀቱን ጠርጥር። እርጥበት ሲስብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከማተምህ በፊት አንድ ቀን በማተሚያው ክፍል ውስጥ ይቆይ። የወረቀቱን ጠርዝ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚያሳርፉት ማስጠጊያዎች ሦስት ይሁኑ፦ ሁለት በረጅሙ ጠርዝ፣ አንድ በአጭሩ። አራቱንም ቀለም በእነዚያው ጠርዞች አስጠግተህ አትም። ጥቁሩ ከሥሩ ባለው ቀለም ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይደረብ፤ ትንሿን ክፍተት ይሸፍናል።

መልስ 2፦ መስመሩን የሚደፍነው መረቡ ላይ የደረቀ ቀለም ነው። የቀለሙን መድረቅ የሚያዘገይ ሪታርደር ቀላቅል፣ መጠኑን ከጣሳው ላይ አንብብ። ከእያንዳንዱ ህትመት በኋላ ወዲያው ፍሬሙን አንስተህ መረቡን በቀለም ሙላው፤ ዋናው መድኃኒት ይህ ነው፣ ባዶውን ለደቂቃ እንኳ አትተወው። መረቡ ከወረቀቱ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ከፍ ይበል፤ ካልሆነ ወረቀቱ ይጣበቅና መስመሩ ይደበዝዛል። ስኩዊጂውንም (ቀለሙን የምትገፋበትን ጎማ) አብዝተህ አትጫን።

መልስ 3፦ በ50 ወረቀት 50 ቅጂ አይወጣም፤ በ60 ጀምር። ቁጥሩን መጨረሻ ላይ፣ ከተመረጡት ላይ ብቻ፣ 1/50፣ 2/50 እያልክ በእርሳስ ጻፍ። የተበላሸውን ቅደደው።